የዋላው ሥጋ እስከ ገና

የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጣዕሙ አልነበረም። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ከሸናንዶዋ ሸለቆ ዋላ አድኜ ተመልሼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚገኘው ቤታችን ስገባ፣ በረዶ የሞላሁባቸውን ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጥሁ። እርሷ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ጎንበስ ብላ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥቁር ቀይ ታፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና፣ «ማን ባረከው?» አለችኝ።

ጥያቄው እንደሚጠብቀኝ ስለማውቅ መንገዱን ሁሉ መልሱን ሳሰላስል ነው የመጣሁት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባደግሁበት ቤት ሥጋ የሚበላው በስመ ሥላሴ ተባርኮ ከታረደ ብቻ ነበር። ልጆች ሆነን በወጥመድ የያዝናት ቆቅ እንኳ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰን ካላረድናት ጥንብ ትባላለች፤ የቱንም ያህል የሰባች ብትሆን ለውሻ ትጣላለች እንጂ ድስት አትገባም። ስለዚህ ለእናቴ፣ «ቃታውን ከመሳቤ በፊት በስመ አብ ብያለሁ፤ ከወደቀችም በኋላ ወዲያው በካራ ደሟን አፍስሼ አፈርና ቅጠል አልብሼዋለሁ» አልኋት። ይህን ያደረግሁት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው የታዘዘውን አስቤ ነው።

እናቴ በዚህ ብቻ አልረካችም። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። የሰጧት መልስ ለእርሷ የተሰጠ ምክር ስለሆነ እዚህ አላሰፍረውም፤ ሌላውም ምእመን የራሱን አባት ቢጠይቅ ይሻላል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግን ሽርጧን አሠረችና፣ «ካራውን አምጣው፤ ይህ እንዲህ ተዘፍዝፎ አያድርም» አለችኝ። ሥጋው በቤታችን ተቀባይነት ያገኘው በዚያች ሰዓት ነው፤ ለእኔም ከባዱ ሥራ የጀመረው ያኔ ነው።

ለእንስሳዋ በአማርኛ ስም መፈለግ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ ያለው ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ «አጋዘን» ይላታል፤ አንዳንዱ «ሚዳቋ» ይላል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ «ዲር» ብለው ያልፋሉ። አገር ቤት አጋዘን ብለን የምንጠራቸው ግን፣ በባሌ ተራሮች የሚኖረውን የደጋ አጋዘን ጨምሮ፣ ከድኩላ ወገን የሆኑና ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን የማይወልቅ እንስሳት ናቸው። በቨርጂኒያ ጫካ የሚኖረው ባለ ነጭ ጅራቱ ከሌላ ዘር ነው። የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈል አጥንት ሲሆን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወልቆ ይወድቅና ሙቀት ሲመጣ እንደ አዲስ ይበቅላል። ለእናቴ በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀው ዋላ የዚህ ወገን እንደሆነ፣ ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 14 ዋላን ከሚበሉት እንስሳት መካከል እንደሚቆጥረው ነገርኋት። ሰማችኝ፤ ግን ምንም አልመለሰችም።

በአገራችን የአደን ዝና ትልቅ ነው። ቀረርቶውና ፉከራው አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ የጣለውን ሰው ሲያወድስ ኖሯል፤ ስለ ገዳዩ እንጂ ስለ ድስቱ ግን ሲናገር አልሰማሁም። ባደግሁበት የደጋ አካባቢ የዱር ሥጋ አዘውትሮ መብላት እንደ ክብር አይታይም ነበር፤ በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ምን ያህል እንደተገለሉም የምናውቀው ነው። ስለዚህ ከእናቴም ሆነ ከአያቴ የምወርሰው የዋላ ወጥ አልነበረም። የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት በጨለማ የምታወጣው እናቴ፣ ይህ እንስሳ ፊቷ ሲቀርብ እንደ እኔው ጀማሪ ነበረች። አብረን መማራችን ለእኔ ትልቁ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

አደኑን በአጭሩ ልናገር። የሥራ ባልደረባዬ አባት በሸናንዶዋ ካውንቲ የእርሻ መሬት አላቸው። ወጣት ሆነው ከአባታቸው ጋር ያደኑበት መሬት ነው። ትምህርቱን ወስጄ፣ ፈቃዱን አውጥቼ፣ ሕጉ የሚያዝዘውን ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ፣ የጠብመንጃው ወቅት በተከፈተበት ቅዳሜ ንጋት ከአንድ የወርካ ዛፍ ከሚያህል የኦክ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ፀሐይ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ሦስት እንስት ዋላዎች ከጫካው ጠርዝ ብቅ አሉ። አንዷ ጎኗን ሰጠችኝ። ከሰባ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ተኮስሁ፤ ጥቂት እርምጃ ሮጣ ወደቀች። አጠገቧ ስደርስ ዓይኗ ክፍት ነበር፤ ጠጉሯ ላይ የነበረው አመዳይ ገና አልቀለጠም። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምሁ አላውቅም። ሽማግሌው ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና፣ «ከአሁን ጀምሮ የምትሠራው ሁሉ ምግብ መሥራት ነው፤ ወጥ ቤት እንደገባህ ቁጠረው» አሉኝ።

ይህ ንግግራቸው ስለ አደን ሥጋ ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ነው። የአደን ሥጋ ይሸታል፣ ይመርራል፣ ይጠነክራል የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት ስለ እንስሳው ሳይሆን ከጥይቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ስለተሠራ ስሕተት ነው። የሞተ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ሙቀት ቶሎ ካልወጣ ሥጋውን ከውስጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሆድ ዕቃው ወዲያውኑ መውጣት አለበት። ሽማግሌው የቢላውን ስለት ወደ ላይ አዙሬ፣ ሁለት ጣቶቼን ከሥሩ አድርጌ ቆዳውን ብቻ እንድሰነጥቅ አሳዩኝ፤ ቢላው ጨጓራውን ወይም ፊኛውን ከወጋ የሚፈስሰው ነገር የነካውን ሥጋ ሁሉ ያበላሻል። ጉሮሮውን በተቻለ መጠን ወደ ላይ ደርሰን ቆረጥንና ዕቃውን በአንድ ጊዜ ዘረገፍነው። ጎድኑን በእንጨት ከፍተን አየር እንዲገባው አደረግን። የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስለነበር ተፈጥሮ ረዳን። በረዶውንም በከረጢት እንዳለ አስገባን እንጂ ቀልጦ ውኃው ሥጋውን እንዲያጥበው አልተውንም፤ ውኃ የጠጣ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፣ ምጣድ ላይም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እዚህ አገር በአጋዘን ዘር ላይ የተነሣ፣ አዳኞች በአጭሩ ሲ ደብልዩ ዲ የሚሉት የአንጎል በሽታ አለ፤ እንስሳውን ቀስ በቀስ አመንምኖ ይገድለዋል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በ2010 እኛ ካደንንበት ካውንቲ ጋር በሚዋሰነው በፍሬድሪክ ካውንቲ መግባቱ ታወቀ። መንሥኤው ፕሪዮን የሚባል የተጣመመ ፕሮቲን በመሆኑ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አይገድለውም። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣናት በሽታው በሚገኝበት አካባቢ የታደነ ሥጋ ሳይመረመር እንዳይበላ፣ በሽታው ከተገኘበትም እንዲጣል ይመክራሉ። ጭንቅላቱንና አከርካሪውን በሽታው ካለበት አካባቢ ይዞ መውጣትም በሕግ የተገደበ ነው። ስለዚህ የአንገቱንና የጀርባውን ሥጋ እዚያው ከአከርካሪው ላይ ገፈፍነው፤ ጭንቅላቱን ናሙና በሚሰበሰብበት ቦታ ቁጥር አስይዤ ተውሁት፤ ልብና ጉበቱን ጨምሮ ቤት የደረሰውን ሁሉ ውጤቱ እስኪመጣ ላልቀምሰው ለራሴ ቃል ገባሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን ወደ እሑዱ ካራ ልመለስ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባልደረባዬ አንድ ታፋ ሰጥቶኝ ነበር። እኔም እንደ በሬ ሥጋ ቆጥሬ፣ ስቡን ሳላወጣ ከታተፍሁና እንደ ለመድነው ጥብስ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ምጣድ ላይ አቆየሁት። ቤቱን ከባድ ጠረን ሞላው፤ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ደረቀ፤ ልጆቹ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። እናቴ ምንም ሳትናገር ምጣዱን አጠበች። ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ገበያ የተገዛ ሥጋ ቢበላሽ የሚያስቆጨው ገንዘቡ ነው፤ ይህ ግን ጫካ ውስጥ ስትሮጥ የኖረች ነፍስ ነበረች፤ እኔም በቸልተኝነት ለቆሻሻ ዳረግኋት።

ስሕተቱ ስቡ ላይ ነበር። እኛ ጥሩ ሥጋ የምንለው ጮማ ያለበትን ነው፤ ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ከቀዩ ጋር የተሸለመው ነጭ ሁሉ ጣዕም ነው። የዋላ ስብ ግን ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እንደ ሻማ ሰም ጠንካራ ሆኖ ለብ ሲል ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ሰዎች «የዱር ጠረን» የሚሉትም አብዛኛው ከእርሱ ነው። ቀዩ ሥጋ ውስጥ ደግሞ የተሠራጨ ስብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከውስጥ የሚያርሰው ነገር ስለሌለው እሳት ላይ ትንሽ ከቆየ ይደርቃል። የራሱን ስብ ማውጣት፣ በቦታውም ሌላ ስብ መተካት ያስፈልጋል። ይህን ስረዳ፣ ለዚህ ሥጋ ከእኛ ንጥር ቅቤ የተሻለ ጓደኛ እንደማይገኝለት ገባኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በሙቅ ውኃ አጥበን ታፋውን አጋደምነው። እናቴ መጀመሪያ ካራውን እንደ ልማዷ ሥጋው ላይ አሳረፈችና ተወችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ የጡንቻዎቹን መገናኛ ፈለገች። ታፋ አንድ ሥጋ ይመስላል እንጂ፣ በስስ ነጭ ሽፋን የተለያዩ ሙዳዎች ተደጋግፈው የቆሙበት ነው። ጣቷ መገናኛውን ሲያገኝ ሥጋው ያለ ካራ ይላቀቅ ጀመር፤ የምትቆርጠው መጨረሻ ላይ አጥንቱ ጋር ብቻ ነበር። «እርሱ ራሱ ይነግርሃል» አለች። ከዚያ ሽፋኑን በካራው ጫፍ ትገፍ ጀመር፤ ስለቱን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ በግራ እጇ ሽፋኑን ወጥራ፣ ሥጋ ሳታስከትል እንደ ሐር እየላጠች አወጣችው። ያ ሽፋን ቢቀቀልም ቢጠበስም አይለሰልስም፤ እሳት ሲነካው ይኮማተርና ሥጋውን ይጨምቀዋል። እኔ ሞራውንና ስቡን እየለቀምሁ ለብቻው አከማቸሁ፤ እርሷም ጣቷን በሞቀ ውኃ እያራሰች ጣቷ ላይ የደረቀውን ስብ ታሸው ነበር፤ «ይህስ ለመብራት ይሆናል» አለች።

ብልቱን ስናወጣ ስሞቹን እየጠራች ነው የደረደረችው፤ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ዳቢት፣ ወርች፣ ቅልጥም፣ ፍርምባ። ሻኛ የለም። ታላቅና ታናሽ የሚባሉትን ፈልጋ አገኘቻቸው፤ ከበሬው ጋር ሲነጻጸሩ ግን ትንንሾች ስለነበሩ ፈገግ አለች። ጥይቱ ያለፈበትን ወርች ቁስሉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ከአንድ መዳፍ በላይ አስፍቼ ቆርጬ ጣልሁ። የእርሳስ ጥይት ዒላማውን ሲመታ በዓይን የማይታዩ ፍርፋሪዎችን ራቅ አድርጎ ይበትናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በዚሁ ምክንያት እንዲወገድ ተደርጎ ነበር። እኔ የምጠቀመው የመዳብ ጥይት ነው፤ ቢሆንም የተጎዳውን ሥጋ ማዳን ስስት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻ ከአጥንት የተለየው ሥጋ ሲመዘን አሥራ አምስት ኪሎ ገደማ ሆነ።

አሥራ አምስት ኪሎ ሥጋ አይቶ አገሩን የማያስታውስ ሐበሻ የለም፤ እናቴ ወዲያው ቅርጫን አነሣች። ልዩነቱ እዚህ ማንም ሰው ድርሻውን በገንዘብ የማይገዛ መሆኑ ነው፤ የታደነ የዱር ሥጋ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች የአጋዘኑን ዘር ሊያጠፉት ተቃርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነን ሥጋ ከግዛት ግዛት መነገድን ከለከለ፤ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ከጠብመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ቨርጂኒያ በ1931 የነበሯት አጋዘኖች 25,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል፤ ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ። እኔ ጫካ የተፈቀደልኝ፣ ሥጋው የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ ነገር መሆኑ ስለቀረ ነው ብዬ አስባለሁ። በየሱቁ ዋጋ የሌለው ሥጋ ማግኘት በማይቻልበት አገር፣ ዋጋ ሊወጣለት የማይፈቀድ ሥጋ በእጄ መያዜ ያስደስተኛል።

ስለዚህ ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚከፈሉትን መደቦች ያኔውኑ ለየን። ለሽማግሌው አንድ፣ ለባልደረባዬ አንድ፣ እናቴን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ለሚያደርሷት ጎረቤታችን አንድ። ከሐረር ለመጣው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የእርሱም እናት ብትኖር የምትጠይቀው ያንኑ የእናቴን ጥያቄ እንደሆነ ስለማውቅ ሳላስቸግረው በአክብሮት ተውሁት። እርሱ ሲሰማ ሳቀና፣ «ነይታህን ተቀብያለሁ» አለኝ፤ ቅን ሐሳብህን ማለቱ ነው።

ከዚያ ጾመ ነቢያት ገባ። ወቅቱ በተከፈተ በስምንተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ሥጋ ከቤታችን ማዕድ ይወጣል፤ ከገና በፊትም አይመለስም። አሜሪካዊው ቤተሰብ ትኩሱን ሽንጥ በዚያው ሳምንት ጠብሶ ሲበላ፣ የእኛ ሥጋ ግን ለአርባ ሦስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ነበር። አየር እንዳያገኘው በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገን፣ ከላዩም በወፍራም ወረቀት ደግመን ጠቀለልነው። ስብ የሌለው ሥጋ በቅዝቃዜ መቆየቱን ይወደዋል፤ በፍሪዘር ውስጥ ቶሎ የሚበላሸውና የሚሸተው ስቡ ነውና። በታኅሣሥ መጀመሪያ ውጤቱ መጣ፤ በሽታው አልተገኘበትም። እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች ነበር ያነበብሁላት። «ተመስገን» አለችና ማማሰሏን ቀጠለች። እኔ ግን በየቀኑ ፍሪዘሩን ስከፍት ጥቅሎቹን እቆጥር ነበር። መጠበቁ ለሥጋው ያለኝን አመለካከት እንደለወጠው አልጠራጠርም፤ እንደ ልብ የሚበላ ነገር ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ብልት የሚገባውን አሠራር ለማሰብ ትዕግሥቱ አይኖረኝም ነበር።

ከገና ሁለት ቀን በፊት ሽንጡንና ቅልጥሙን ከፍሪዘር አውጥቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ አደረግሁ። በሌሊት ከቅዳሴ እንደተመለስን እናቴ ወጡ ላይ ገባች። ዋዜማውን ያለ ዘይት በትንሽ እሳት ያበሰለችውን የሽንኩርት ቁሌት አሙቃ፣ በርበሬውን ጠብታ ውኃ እያከለች ካሸችው በኋላ ቅቤውን ጨመረች፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተከተለ። ቅልጥሙና የወርቹ ሥጋ የገቡት ከዚያ ነው። ለበሬ ሥጋ ከምትሰጠው ጊዜ እጥፍ ሰጠችው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል። እነዚህ ብልቶች ብዙ የሮጡ ናቸው፤ በጅማት የተሞሉ ናቸው፤ ጅማቱ ግን በዝግታ ሲበስል ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። መጨረሻ ላይ መከለሻውን ነስንሳ ድስቱን ስትከድን፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የቀረውን የዱር ጠረን ሽቶ አድርገውት ነበር። መዓዛው ጠፋ አልልም፤ የሣርና የቅጠል የሚመስል ነገር ከበርበሬው ሥር ይሰማል፤ እንዲጠፋም አልፈልግም።

ሽንጡን የጠበስሁት እኔ ነኝ። የብረት ምጣዱ ጭስ እስኪያወጣ ጋለ፤ ሥጋውን በጣት ውፍረት ቆርጬ፣ ጨው ብቻ ነክቼ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሁ አስቀመጥሁ። በአንድ ጎኑ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ሲገለበጥም እንደዚያው። ቴርሞሜትሩ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲል አውጥቼ በሳህን ከደንሁትና በዚያው ምጣድ ቀይ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን አዞርሁ፤ እሳቱን አጥፍቼ ንጥር ቅቤ ጨመርሁ፤ ሥጋውን መልሼ ለወስሁት። ቅቤው በየሥጋው ጎን ሲፈስስ የሥጋው ቀለም ከወይን ጠጅ ወደ ደማቅ ቡናማ ተለውጦ ነበር። ባለፈው ዓመት ሳህኑን የገፋው ልጄ እንጀራውን ሞልቶ ቆረሰ፤ ሁለተኛም ጠየቀ። እናቴ ከጥብሱ አንድ ጉርሻ አጉርሳኝ፣ «አሁን ሥጋ ሆነ» አለች።

በዓሉን ከእኛ ጋር ሊውሉ የመጡት አጎቴ ከማዕዱ ላይ ቀና ብለው፣ «ይህን የመሰለ ቀይ ሥጋ ይዘህ ክትፎ አለማድረግህ ምን ይባላል? ቢያንስ ለብ ለብ አድርገው» አሉኝ። ያሳደጉኝ ሰው ናቸውና እምቢ ማለት ከበደኝ። ሥጋውም በእርግጥ ብርንዶ የሚያስመኝ ነበር። ነገር ግን የዱር እንስሳ ሥጋ የእንስሳት ሐኪም በቆመበት ቄራ ያላለፈ፣ ጫካ መሬት ላይ በቢላ የተከፈተ ነው፤ ከአንጀቱ የወጣ ተሐዋሲ ሳይታይ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሐዋሲም በአጋዘን ጡንቻ ውስጥ ይኖራል። በተለይ የተፈጨ ወይም የተከተፈ ከሆነ 71 ዲግሪ ሳይደርስ መብላት አይገባም። «ጋሼ፣ ክትፎውን ከበሬ ሥጋ በፋሲካ እኔ ራሴ ከትፌ አቀርብልዎታለሁ፤ ይህን ግን ጥሬውን ለማንም አልሰጥም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሳህናቸውን ወደ ወጡ አስጠጉ። ሲሄዱ ድስቱ ተጠርጎ ነበር።

ለዚህ ሥጋ የተፈጠረ የሚመስለኝ ግን ቋንጣ ነው። ቋንጣ ስብ አይወድም፤ ስብ ያለበት ዝልዝል ሳይደርቅ ይሻግታል። የታፋው ሙዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው፤ ጭረቱን ተከትሎ ሲዘለዘል እንደ ጥብጣብ ይረዝማል። እናቴ አገር ቤት የምታውቀው ዝልዝሉን በጨውና በበርበሬ አሽታ ከምድጃ በላይ በገመድ መስቀል ነው፤ የደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድ የቀረውን ይጨርሰዋል። የቨርጂኒያ አየር እርጥብ ነው፤ ሥጋውም የዱር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦሪገን ውስጥ ቤት ከደረቀ የአጋዘን ሥጋ በተነሣ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ሰዎች ታመዋል፤ ምክንያቱም ማድረቅ ብቻውን ተሐዋሲውን አይገድለውም፤ ሥጋው ከመድረቁ በፊት መሞቅ አለበት። በዚህ ላይ እናቴን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ በበርበሬ፣ በጨውና በጥቁር አዝሙድ የታሸውን ዝልዝል ኦቨን ውስጥ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሞቅሁት፤ ከዚያ ማድረቂያው መሣሪያ ውስጥ ደረደርነው። እርሷ ግን ስድስት ዝልዝል ከዚያው ከሞቀው ለይታ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ገመድ ወጥራ ሰቀለች። «ቋንጣ ሳይሰቀል ቋንጣ አይባልም» አለችኝ። የማሽኑ ቶሎ ደረሰ። የመስኮቱ ግን እርጥቡ አየር አዘገየው፤ በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ አውርጄ ማሽኑ ውስጥ ጨረስሁት፤ አይታኝ ምንም አላለችም። ቋንጣ ፍርፍሩን ስትሠራ ግን አስቀድማ የጨረሰችው እነዚያን ስድስቱን ነው።

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ፍሪዘሩን ላጸዳ ከፈትሁት። ሥጋው አልቋል ብዬ ነበር። ከታች፣ ከአተር ከረጢት ሥር፣ እኔ ያልጠቀለልሁት አንድ ጥቅል አገኘሁ፤ ወረቀቱ በክር ታስሯል። በላዩ ላይ በእናቴ ትልልቅና ያዘነበሉ ፊደላት ተጽፎበታል፤ «ዋላ፤ ዳቢት፤ ለፋሲካ።» ጥቅሉን ወደ ቦታው መልሼ የአተሩን ከረጢት ላዩ ላይ አደረግሁት።